ሄት ክራይም (የጥላቻ ወንጀል) ሲደርስብን ምን እናድርግ፦ ከ911 ጥሪ እስከ ህግ ማስቀየር

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ለምንኖር ሀበሾች ነው፣ በተለይ የሌሊት ሺፍት ለምትሰሩ፣ ታክሲና ኡበር ለምትነዱ፣ ፓርኪንግና ጋስ ስቴሽን ላይ ለምትውሉ፣ ነጠላ ለብሳችሁ ወይ ሂጃብ አድርጋችሁ በባቡር ለምትሄዱ እህቶችና እናቶች። አንድ ነገር ሲደርስብን የኛ ሰው ምክር ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ "ተወው፣ ለእግዚአብሔር ስጠው፣ በሰው አገር ምን ታደርጋለህ"። ለእግዚአብሔር መስጠቱን አልቃወምም፣ እኔም እሰጣለሁ፣ ግን ለፖሊስም ለካውንቲውም ለመረጥነው ተወካይም መንገር አለብን፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልሆነ ነው የሚቆጠረው።

በቁጥር ልንገራችሁ። ኤፍቢአይ በ2023 (የማነሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና አመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የመዘገበው የጥላቻ ወንጀል 11,862 ነው። የፍትህ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ ግን ቤት ለቤት ሰው እየጠየቀ ባደረገው ጥናት ከ2005 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በአማካይ በአመት ወደ 250,000 የሚጠጋ ጥቃት ደርሷል ይላል። መሀል ላይ የጠፋው ሰው ሁሉ "ተወው" የተባለ ወይም ሄዶ ተናግሮ ፖሊሱ በሌላ ስም የመዘገበለት ነው። ከተማው በጀት ሲመድብ፣ ምክር ቤቱ ህግ ሲያወጣ የሚያየው ትንሿን ቁጥር ነው።

ሙሉጌታ ስራውን የማታውቁ ካላችሁ እወቁት። ለትምህርት አሜሪካ የመጣ ልጅ ነበር፣ 28 አመቱ፣ ህዳር 13 ቀን 1988 ፖርትላንድ ኦሪገን ውስጥ ጓደኞቹ በመኪና መኖሪያው በር ላይ ሲያደርሱት ሶስት ስኪንሄዶች (ጸጉራቸውን የሚላጩ ነጭ ዘረኞች) መጡና አንዱ በቤዝቦል ዱላ ራሱን መትቶ ገደለው። ገዳዩ እድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። እኔ ግን ዛሬ ይበልጥ የማነሳው ከዛ በኋላ የሆነውን ነው፣ ቤተሰቡ በዛ አላበቃም፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

1. መጀመሪያ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ እንለይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አገር ቤት በ2020 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185 አለ፣ ንግግሩን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። አሜሪካ እንደዛ አይደለም። አንድ ሰው መንገድ ላይ "ወደ አገርህ ሂድ" ብሎ ቢሰድባችሁ፣ ስድቡ ምንም ያህል ቢያምም፣ ብቻውን ብዙ ጊዜ ወንጀል አይሆንም፣ ህገ መንግስቱ ንግግርን ይጠብቃል። ወንጀል የሚሆነው ሌላ ወንጀል ሲኖርና ምክንያቱ ዘራችሁ፣ ሃይማኖታችሁ፣ የመጣችሁበት አገር፣ አካል ጉዳት፣ ጾታ የመሳሰለው ሲሆን ነው። ማለትም መምታት፣ መግፋት፣ መኪና መስበር፣ ግድግዳ ላይ መጻፍ፣ "እገድልሃለሁ" ብሎ ማስፈራራት፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ላይ ጉዳት ማድረስ፣ ከዛ ላይ ጥላቻው ሲጨመር ሄት ክራይም ይባላል፣ ቅጣቱም ይከብዳል።

ወንጀል ያልሆነው ደግሞ "ሄት ኢንሲደንት" ወይም "ባያስ ኢንሲደንት" (የጥላቻ ወይም የአድልዎ ክስተት) ነው የሚባለው። ወንጀል አይደለም ብላችሁ ግን አትተዉት! ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊስ ወንጀል ደረጃ ያልደረሰውንም ክስተት መዝግቦ ለስቴቱ ፖሊስ እንዲያስተላልፍ ህግ ያዘዋል፣ በየአመቱ ሪፖርት ይወጣል። ዛሬ የሰደበ ሰው በሚቀጥለው ወር ድንጋይ ሲወረውር ያ የመጀመሪያው ምዝገባ ነው ምክንያቱን የሚያስረዳው።

2. እዛው ሰአቱ ላይ

መጀመሪያ ራሳችሁን አድኑ፣ ከሰውየው ራቁ፣ ሰው ወዳለበት ብርሃን ወዳለበት ሂዱ፣ መልስ አትስጡ፣ ክርክሩን አታሸንፉትም። አደጋ ካለ 911። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆን እንኳን በድንጋጤ ቋንቋ ይጠፋል፣ ስለዚህ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" በሉና ጠብቁ፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል አትዝጉት። አድራሻችሁን ግን አስተርጓሚው ከመምጣቱ በፊት ተናገሩ፣ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳን የት እንዳላችሁ ይታወቅ።

ሰውየው ያለውን ቃል በቃል ያዙ። ይሄ ከሁሉም ዋናው ነው። የኛ ባህል ጸያፍ ነገር መድገም ያሳፍራል፣ "ይቅርታ የማይባል ነገር ተናገረኝ" ብለን እናልፈዋለን፣ ፖሊሱም "ተሳደበ" ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። ያቺ የማትባለዋ ቃል ናት ማስረጃዋ። እንዳለች፣ በእንግሊዝኛዋ፣ ከነጸያፍነቷ ተናገሯት፣ መናገር ካልቻላችሁ ጻፏት። አንዲት የማውቃት እናት ልጆቿ ፊት መናገር አልቻለችም ነበር፣ ፖሊሱን ወደ ጎን ጠርታ ወረቀት ላይ ጻፈችለት፣ በጣም ብልህ ነገር ነበር።

ከዛ የሚቻል ከሆነ የመኪናውን ታርጋ፣ የሰውየውን ልብስ፣ ንቅሳት፣ ኮፍያው ላይ ያለ ጽሁፍ፣ ወደየት እንደሄደ፣ ያየ ሰው ስምና ስልክ። ምስክር ቶሎ ይበተናል፣ ባቡር ከመጣ አለቀ፣ ስለዚህ ከቪዲዮ በፊት የሰው ስልክ ነው መያዝ ያለባችሁ። ቪዲዮ አደባባይ ላይ መቅረጽ ትችላላችሁ። ግን አደራ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን፣ በተለይ የስልክ ጥሪን፣ ሌላው ወገን ሳይፈቅድ መቅዳት ወንጀል ነው፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። እየደወለ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ የድምጽ መልእክት እንዲተውላችሁ አድርጉና እሱን አስቀምጡት።

ደም ያለበት ልብስ አትጠቡ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ፎቶ ሳታነሱ አታጥፉ። ቤተክርስቲያን ላይ ሲሆን ሽማግሌዎች ቶሎ ይጸዳ ይላሉ፣ ስሜታቸው ይገባኛል፣ ታቦት ባለበት በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ያንገበግባል፣ ግን ፖሊስ መጥቶ እስኪያይ ጨርቅ ጣል አርጉበት እንጂ አትፋቁት። ሱቅና ህንጻ ላይ ያለ የካሜራ ቪዲዮ ብዙ ቦታ ከጥቂት ቀን ወይ ሳምንት በኋላ ራሱ ይሰረዛል፣ በማግስቱ ሄዳችሁ ማናጀሩን "እባክህ አስቀምጠው፣ ፖሊስ ይጠይቅሃል" በሉት፣ ይሄንኑ በኢሜይልም ላኩለት።

3. ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ያቺ ቃል መኖሯን ሳታረጋግጡ አትሂዱ

ፖሊሱ ፎርሙን ሲሞላ በግልጽ "ይሄ ሄት ክራይም ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዘሬ ምክንያት ነው የተደረገው፣ እንደዛ ይመዝገብልኝ" በሉት። መወሰኑ የናንተ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ዲቴክቲቭና አቃቤ ህግ ነው የሚወስነው፣ ግን ብዙ ቦታ "ባያስ" የሚል ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለው፣ ያ ምልክት ካልተደረገ ፋይሉ ለሚመለከተው ክፍል ላይደርስ ይችላል። ኬዝ ነምበሩን፣ የፖሊሱን ስምና የባጅ ቁጥሩን ጻፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኮፒውን አውጡና አንብቡት፣ ወይ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያንብብላችሁ።

እኔ ራሴ አንድ ጎረቤቴን ይዤ ሄጃለሁ። መኪናው ላይ ተጽፎበት መስታወቱ ተሰብሮ ነበር፣ ሪፖርቱን ስናወጣ "ንብረት ማበላሸት" ብቻ ይላል፣ የተጻፈበት ቃል የለም፣ ፎቶውም አልተያያዘም። ሰውየው "በቃ ኢንሹራንስ ይከፍላል ተወው" አለኝ። አልተውነውም። ተመልሰን ሄደን ተጨማሪ መግለጫ እንዲያያዝ ጠየቅን፣ የመጀመሪያው ቀን ነገ ኑ አሉን፣ በሁለተኛው ሱፐርቫይዘር አስጠራን፣ በሶስተኛው ተያያዘ። ሶስት ቀን ከስራ ቀርቶ ነው ያ ሰው ያንን ያደረገው፣ ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል። የምትሉት ነገር "ሳፕልሜንታል ሪፖርት" ነው፣ ይሄን ስም ያዙት፣ መብታችሁን እንደምታውቁ ያሳያል።

ዲሲ ለምትኖሩ ደግሞ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ህግ የከተማው መስሪያ ቤቶች፣ ፖሊስን ጨምሮ፣ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ወረቀቶችንም እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፣ አማርኛ ደግሞ በህጉ ከሚሰራባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይሄ ከሰማይ አልወረደም፣ ስደተኞች ተደራጅተው ጠይቀው ያገኙት ነው፣ የኛም ሰዎች ነበሩበት። አስተርጓሚ ከከለከሏችሁ ወይም "ልጅሽ ታስተርጉምልሽ" ካሏችሁ ለዲሲ የሰብአዊ መብት ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ትችላላችሁ። የ10 አመት ልጅ እናቷ ላይ የተነገረውን ስድብ እንድትተረጉም ማድረግ የለብንም፣ በጭራሽ። ከዲሲ ውጭም ቢሆን የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል መስሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ህግ በመጣችሁበት አገር ምክንያት ሊያድላባችሁ አይችልም።

4. ወረቀት የሌላችሁ ወይም ፖሊስ የምትፈሩ

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ በተለይ አሁን። ለማንም "ሂድ ምንም አትሆንም" ብዬ ኃላፊነት አልወስድም። ወረቀታችሁ ያላለቀ ከሆነ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ፣ ነጻ የሚሰሩ ድርጅቶች አሉ፣ "ኖታሪ" ነኝ የሚለውን ሳይሆን ላይሰንስ ያለውን ጠበቃ። ጠበቃውን ስለ ዩ ቪዛ ጠይቁት፣ እንደ ከባድ ድብደባ ያለ ወንጀል ተፈጽሞባቸው ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ ሰዎች የሚሰጥ ነው፣ ፖሊስ ወይ አቃቤ ህግ የሚፈርምበት ፎርም አለው። በአመት 10,000 ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው አመታት ይፈጃል፣ ቢሆንም ጥያቄውን ማንሳቱ አይከፋም።

ፖሊስ ሳይነካው የሚመዘገብበት መንገድም አለ። ኦሪገን ከ2020 ጀምሮ የስቴቱ ፍትህ ቢሮ የሚመራው የባያስ መስመር አለ፣ ካሊፎርኒያም በ2023 ተመሳሳይ ጀምሯል፣ ሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ አካባቢ ያላችሁ ይሄንን ተጠቀሙበት፣ በአስተርጓሚ ያናግሯችኋል፣ ስማችሁን ሳትናገሩም ይሆናል። ኤፍቢአይም በ1-800-225-5324 ይቀበላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የስቴታችሁን አቶርኒ ጀነራል ቢሮ ደውላችሁ ሲቪል ራይትስ ክፍል የሚባለውን ጠይቁ።

5. አንድ ፎልደር ክፈቱ

ስልካችሁ ላይም ቤትም። ቀን፣ ሰአት፣ ቦታ፣ ቃሉ፣ ያየው ሰው፣ የሀኪም ወረቀት፣ የጥገና ሪሲት፣ ከስራ የቀራችሁበት ቀን፣ ማን ጋ ደወላችሁ ምን አለ። ኦንላይን የመጣ ማስፈራሪያ ከሆነ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስክሪንሾት፣ የሰውየው ፕሮፋይልና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ እሱም ይጻፍ፣ ጉዳት ማለት ስብራት ብቻ አይደለም።

ገንዘብም አለ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። እያንዳንዱ ስቴት የወንጀል ተጎጂዎች የካሳ ፈንድ አለው፣ የሀኪም፣ የቀረ ደሞዝ፣ የካውንስሊንግ፣ ሲሞት ደግሞ የቀብር ወጪ ይረዳል። እድር ገንዘብ አዋጥቶ አስከሬን አገር ቤት ሲልክ አይቻለሁ፣ ከስቴቱ ፈንድ መጠየቅ እንደሚቻል ግን የነገረን አልነበረም። ማመልከቻው የጊዜ ገደብ አለው፣ እንደየስቴቱ ይለያያል፣ በአብዛኛው ፖሊስ ሪፖርት ይፈልጋል፣ ለዚህም ነው ቁጥር 3 ላይ እንደዛ የጨቀጨቅኳችሁ።

ነገሩ የደረሰው ስራ ቦታ ላይ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ ኢኢኦሲ በሚባለው የፌደራል መስሪያ ቤት በ180 ቀን ውስጥ፣ የስቴት መስሪያ ቤት ባለበት ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ነው ማመልከት ያለባችሁ፣ አለቃው "እያየነው ነው" እያለ ቀኑ ያልፋል፣ ተጠንቀቁ። ቤት ኪራይ ላይ ለሚደረግ አድልዎ የፌደራሉ የቤቶች መስሪያ ቤት አንድ አመት ይሰጣል።

6. ፍትሐብሄር ክስ፣ የሙሉጌታ ቤተሰብ ያደረገው

እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። ገዳዮቹ ከታሰሩ በኋላ የሙሉጌታ አጎት እንግዳው ብርሃኑ የሟቹን ቤተሰብ ወክሎ ከሁለት የሲቪል ራይትስ ድርጅቶች ጠበቆች ጋር ሆኖ ሌላ ክስ ከፈተ፣ ዱላ ያነሳው ላይ ብቻ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ቁጭ ብሎ ወጣቶቹን ያደራጀው የነጭ ዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርና ድርጅቱ ላይ። ሜትዝገር እዛ ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። ግን የራሱ ድርጅት ወጣቶቹን ሊያሰለጥን የላከው ልጅ ቀርቦ መሰከረበት፣ በጥቅምት 1990 ዳኞቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ሜትዝገር ቤቱ ሳይቀር ተሸጠ፣ ድርጅቱም ወደቀ።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር ምንድነው፣ የወንጀል ክስ ላይ አቃቤ ህጉ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፣ ፍትሐብሄር ላይ ግን ሚዛኑ ወደናንተ ካዘነበለ ይበቃል። ስለዚህ አቃቤ ህጉ "ሄት ክራይም ብዬ አልከስም" ቢላችሁ እንኳን አላለቀም። ጠበቃ ስትፈልጉ ሲቪል ራይትስ ላይ የሚሰራ፣ ካሸነፈ ብቻ ፐርሰንት የሚወስድ ጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያሉ የህግ ክሊኒኮችንም ሞክሩ። ክስ የመክፈቻ የጊዜ ገደብ አለ፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ መጀመሪያ ቀን ይሄን ጠይቁት።

7. አሁን መንግስትን መወትወት

እስካሁን ያልኩት የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ኬዝ ተዘግቶ ህጉ እንዳለ ከቀረ ነገ ሌላው ላይ ይደገማል። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንሰንፈው፣ ሻማ እናበራለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ከዛ እንበተናለን።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ሪቻርድ ኮሊንስ የሚባል ወጣት መኮንን፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ኮሌጅ ፓርክ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ኡበር ሲጠብቅ በነጭ ተማሪ ተወግቶ ሞተ፣ ሊመረቅ ቀናት ነበር የቀሩት። ገዳዩ በግድያ ተፈረደበት፣ የሄት ክራይሙን ክስ ግን ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብሎ ጣለው፣ የሜሪላንድ ህግም አጻጻፉ ጥላቻው ብቸኛ ምክንያት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ ያስመስለው ነበር። ወላጆቹ የሜሪላንድ ምክር ቤት ያለበት አናፖሊስ ድረስ ሄደው መሰከሩ፣ በ2020 ህጉ "በሙሉ ወይም በጉልህ መጠን" ተብሎ ተቀየረ፣ በልጃቸው ስም ይጠራል። ይሄ ህግ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ሀበሻም ይጠብቃል። ጆርጂያ ደግሞ፣ ክላርክስተን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የድሮ ህጓን ፍርድ ቤት በ2004 ከሰረዘው በኋላ የጥላቻ ወንጀል ህግ አልነበራትም፣ አህማድ አርበሪ የሚባል ጥቁር ወጣት በሩጫ ላይ እያለ ከተገደለ በኋላ ነው ሰዉ ተነስቶ በሰኔ 2020 ህጉ የወጣው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ዝም ከተባለ ይተኛል፣ ሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን ቤተክርስቲያን ውስጥ በ2015 ዘጠኝ ምእመናን ተገድለው እንኳን ረቂቁ ሴኔቱ ጋ ለአመታት ተንጠልጥሎ ነው የቆየው።

እንዴት ነው የሚደረገው? አንደኛ ጥያቄያችሁ አንድና ጠባብ ይሁን። "ዘረኝነት ይቁም" ብላችሁ ከገባችሁ ሁሉም ተወካይ አንገቱን ነቅንቆ ያሳልፋችኋል። "ፖሊስ ጣቢያው የባያስ ሪፖርት ፎርሙን በአማርኛ ያውጣ"፣ "ካውንቲው የሄት ክራይም ቁጥሩን በየሶስት ወሩ ይፋ ያድርግ"፣ "ሌሊት 10 ሰአት ላይ ሺፍት የምንቀይርበት ፓርኪንግ ጋራዥ መብራትና ካሜራ ይገባለት" ስትሉ ግን አዎ ወይም አይ ማለት አለበት።

ሁለተኛ፣ ማን ላይ ስልጣኑ እንዳለ እወቁ። የፖሊስ በጀትና አሰራር የከተማው ወይም የካውንቲው ምክር ቤት ነው፣ ቅጣትና ትርጉሙ የስቴቱ ነው፣ ለዋሽንግተን ሴናተር ስለ ፓርኪንግ መብራት መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

ሶስተኛ ቀኑ። የሜሪላንድ ምክር ቤት በጥር ሁለተኛው ረቡእ ይከፈትና 90 ቀን ብቻ ይሰራል። እኛ ነገሩ ትዝ የሚለን ሚያዝያ ላይ ነው፣ ተዘግቶ። ረቂቅ እንዲያስገባላችሁ ተወካያችሁን ማናገር ያለባችሁ በመጸው፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ነው፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ሰው ሲያዳምጥ። ረቂቁ ኮሚቴ ሲደርስ ምስክርነት ለመስጠት አስቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም "ከማሻሻያ ጋር ደጋፊ" ብላችሁ። የጽሁፍ ምስክርነትም ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ስራ መቅረት የማይችል ሰው አንድ ገጽ ጽፎ ይልካል።

አራተኛ፣ ንግግሩ። ብዙ ምክር ቤት ለአንድ ሰው 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ የኛ ሰላምታ ብቻ አንዱን ደቂቃ ይበላዋል። ስሜ እገሌ ነው፣ እዚህ ሰፈር ይሄን ያህል አመት ኖሬአለሁ፣ በዚህ ቀን ይሄ ደረሰብኝ፣ ሪፖርት አደረግሁ ይሄ ሆነ፣ ይሄ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። በቃ። በአማርኛ መናገር ከፈለጋችሁ አስተርጓሚ ከቀናት በፊት ጠይቁ፣ ሰአቱም እንዲጨመርላችሁ አብራችሁ ጠይቁ፣ ያለበለዚያ ግማሹን ትርጉሙ ይወስደዋል። ሰዓት ይዛችሁ ቤት ተለማመዱ። አንዲት የእድራችን እናት ወጥ ቤት ቆማ ስትለማመድ አይቻለሁ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ስትናገር አንድ ሰው ስልኩን አልነካም።

አምስተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። እድሩ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የታክሲ ሹፌሮች ማህበሩ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ፣ የፈለገ ብሄር፣ ያ ዱላ ያነሳ ሰው አይለየንም፣ ሙሉጌታን ማን እንደሆነ አልጠየቁትም። አገር ቤት ፖለቲካ ላይ የማንስማማ ሰዎች አንድ ላይ ቆመን እዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ መነጋገር እንችላለን፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት "ዛሬ የምናወራው ይሄን ብቻ ነው" ብላችሁ ተስማሙ፣ ይሄ ህግ ካልተቀመጠ ስብሰባው በግማሽ ሰአት ይፈርሳል። ከጥቁር አሜሪካውያን ማህበራት፣ ከኤዥያኖች፣ ከአይሁዶች፣ ከላቲኖዎች ጋርም ተያያዙ፣ እነሱ ይሄን መንገድ ለረጅም አመታት ረግጠውታል። የቤተክርስቲያን ቦርዶች "501ሲ3 (ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት) ስለሆንን አይፈቀድልንም" ይላሉ፣ ልክ አይደለም፣ ህጉ የሚከለክለው ለምርጫ እጩ መቀስቀስን ነው፣ ረቂቅ ህግ መደገፍ በመጠኑ ይፈቀዳል።

ከስብሰባው በኋላ በሳምንቱ ኢሜይል፣ በወሩ ስልክ። ቃል የገባውን ጻፉና መልሳችሁ ላኩለት፣ "በዚህ ቀን እንዲህ ብለውናል" ብላችሁ።

8. ከስቴት በላይ

ኮንግረስም በውትወታ ይንቀሳቀሳል። የሊባኖስ ዝርያ ያለው ኻሊድ ጃባራ በ2016 ተልሳ ኦክላሆማ ውስጥ፣ ነጭ ዘረኞችን ለመቃወም የወጣችው ሄዘር ሄየር በ2017 ሻርሎትስቪል ቨርጂኒያ ተገደሉ፣ ሁለቱም ገዳዮች በጥላቻ ወንጀል ተከሰው እያለ ሁለቱም ሟቾች የኤፍቢአይ ቁጥር ውስጥ አልገቡም ነበር፣ የአካባቢው ፖሊስ ለፌደራሉ ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ስላልሆነ። ቤተሰቦቻቸው ያንን ይዘው ሄዱ፣ በግንቦት 2021 በወጣው የኮቪድ ጊዜ የጥላቻ ወንጀሎች ህግ ውስጥ በሁለቱ ስም የሚጠራ ክፍል ገባ፣ ለስቴቶች የሪፖርት ስርአትና የስልክ መስመር እርዳታ የሚሰጥ። ግዴታው ግን ዛሬም የለም፣ ስለዚህ ለኮንግረስ ተወካያችሁ የምትጠይቁት ይሄንን ነው፣ ፖሊስ ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ይሁን።

የተባበሩት መንግስታት ጋ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አሜሪካ በ1994 የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት አጽድቃለች፣ ጄኔቭ ያለው 18 ባለሙያ ያለበት ኮሚቴ መጨረሻ የገመገማት በነሐሴ 2022 ነው። የግል አቤቱታ የሚፈቅደውን አንቀጽ 14 ስላልተቀበለች አንድ ሰው ብቻውን ሊከሳት አይችልም፣ ማህበራት ግን ግምገማ ሲኖር የራሳቸውን ሪፖርት ያስገባሉ። ለእድር ብቻውን ይከብዳል፣ ከትልቅ የሰብአዊ መብት ድርጅት ጋር ተባብራችሁ የናንተን ፎልደር እዛ ውስጥ አስገቡ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ስራ ብቻ ልስጣችሁ። እድራችሁ ወይም ማህበራችሁ ውስጥ ሁለት ሰው ምረጡ፣ አንዱ እንግሊዝኛ ጥሩ የሚጽፍ ወጣት፣ ሌላዋ ሰው አምኖ የሚነግራት እናት። ስልካቸው ቤተክርስቲያኑ ወይ መስጊዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ "አንድ ነገር ከደረሰባችሁ ለነዚህ ደውሉ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብረዋችሁ ይሄዳሉ" ተብሎ። የተነገራቸውን ሁሉ፣ የባለቤቱን ስም ሳያወጡ፣ ቀንና ቦታ እየጻፉ ይያዙ፣ ጥቅምት ሲመጣ ያንን ደብተር ይዛችሁ ተወካያችሁ ቢሮ ትገባላችሁ።